ይሰማል ወይ?

በኢንተርኔት መደዋወል ማለት የሰው ድምፅ፣ ካሜራ ካለም መልኩ ጭምር፣ በመደበኛው የስልክ መስመር ፈንታ ኮምፒውተሮችን በሚያገናኘው መረብ በኩል የሚተላለፍበት ዘዴ ሲሆን፣ ለዚሁ ተብሎ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ሶፍትዌር ስሙ ምንም ይሁን ምን ሥራው አንድ ነው፤ በማይክሮፎን የገባውን ድምፅ ወደ ቁጥር ለውጦ ይልካል፣ ከወዲያ የመጣውን ቁጥር ደግሞ ወደ ድምፅ መልሶ ያሰማል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ተትቶ ሌላው ሰው ወሬውን በቀጠለ ነበር። ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚካሄደውን ጨዋታ በጥሞና ያዳመጠ ሁሉ እንደሚያስተውለው፣ ከሚነገረው ውስጥ እጅግ የሚበዛው ስለ ንግግሩ ስለራሱ የሚነገረው ነው፤ «ይሰማል?» «አዎ ይሰማል፣ የእኔስ ይሰማል?» «አሁን ተቆረጠ፣ እስቲ ድገሚው» «ምኑን ልድገመው?» ሲባባሉ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የታመመውም የተዳረውም ስሙ የሚነሣው።

ስልክ ሲነሣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል «አሆይ» እንዲባል ይወድ እንደነበር፣ ያሸነፈው ግን ቶማስ ኤዲሰን የደገፈው «ሄሎ» እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አማርኛም ይህንኑ «ሃሎ» ብሎ ወርሶታል። በኮምፒውተር መደዋወል ከመጣ ወዲህ ይህ ቃል ከሰላምታነት ወደ መመርመሪያ መሣሪያነት ተዛውሯል፤ አንድ ጊዜ የተባለ «ሃሎ» ሰላምታ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ድምፅን ከፍ እያደረጉ የተባለ «ሃሎ» ግን ጥገና ነው።

ሶፍትዌሩን ከኢንተርኔት አውርዶ የመጫኑ ሥራ ብዙ አይወራለትም፤ ጥያቄዎች ይደረደራሉ፣ ሰውም ሳያነብ «እስማማለሁ» እያለ ያልፋቸዋል። ጣጣው የሚጀምረው አካውንት ሲከፈት ነው። አካውንት ማለት ተጠቃሚው በፕሮግራሙ ዘንድ የሚታወቅበት መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡ የመጀመሪያ ስምንና የቤተሰብ ስምን ለይቶ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ሲያስፈልግም የአያቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም፣ ሴትም ብታገባ በባሏ ስም አትጠራም። ለእናቱ አካውንት የሚከፍተው ልጅ ግን ቦታው ካልተሞላ አላሳልፍ ስለሚለው የራሱን የአባት ስም ይጽፍበትና፣ አርባ ዓመት በትዳር የኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ አባትና ልጅ ሆነው ያድራሉ። ከዚያ ወዲያ ዘመድን በስም ፈልጎ ማግኘቱ ሌላ ምርምር ነው፤ ፀሐይ የምትባል አክስት ስሟ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በ«ቲ ኤስ» ትጀምር ወይስ በ«ኤስ» ብቻ፣ መጨረሻዋስ «ዋይ» ይሁን «አይ» የሚለውን የሚወስነው የመዘገባት ሰው የዚያን ዕለት ስሜት ስለሆነ፣ አክስቲቱ አዲስ አበባ ቤቷ ቁጭ ብላ ሳለ ፕሮግራሙ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብሎ ይፈርዳል።

ይህ ሁሉ አልፎ መደወል ሲጀመር የመጀመሪያው ብልሽት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሶፍትዌሩ ሳይሆን ከገመዱ ነው። በጠረጴዛ ኮምፒውተር ጀርባ ያሉት ሁለት ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች አንዱ ሮዝ፣ ሌላው አረንጓዴ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ባወጡት መመሪያ መሠረት ሮዙ የማይክሮፎን፣ አረንጓዴው የማዳመጫ ነው። ኮምፒውተሩ ከግድግዳ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ገመዱ የሚሰካው በዳበሳ ነው፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች ልካቸው እኩል በመሆኑ ሁለቱም የመጣላቸውን ይቀበላሉ። በዚህ ጊዜ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ ወደ አፉ አስጠግቶ የሚጮህ አዛውንት ይሳቅበታል። ሳቁ ግን ሙሉ በሙሉ ተገቢ አይደለም፤ ማዳመጫና አንዳንዱ ማይክሮፎን በውስጣቸው ስስ ሽፋን፣ የሽቦ ጥቅልልና ማግኔት ያላቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች በመሆናቸው፣ በስሕተት ሮዙ ቀዳዳ ላይ የተሰካ ማዳመጫ በደካማው ቢሆንም እውነትም ድምፅ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ አዛውንቱ ከሳቁበት ልጆች ይልቅ ለፊዚክስ ቀርቦ ይገኛል።

ላፕቶፕ ይህን የቀለም ጣጣ ያስቀረ ቢመስልም ተተኪውን ይዞ መጥቷል። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከትልቅ ስክሪን ጋር ሲያያዝ ማንንም ሳያማክር ድምፁን ወደዚያው ሊልክ ይችላል፤ ስክሪኑ ድምፅ ማጉያ ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። ማይክሮፎኑ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፣ በኮምፒውተሩ የድምፅ ማስተካከያ በኩል ሊዘጋ ይችላል፣ በማዳመጫው ገመድ ላይ ባለችው ትንሽ ቁልፍ ሊዘጋ ይችላል፣ በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ማይክሮፎኑን እንዲጠቀም ፈቃድ ሳይሰጠው የቀረ ሊሆን ይችላል። ከአራቱ በሮች አንዱ ብቻ ቢዘጋ ድምፅ አያልፍም፤ የሚጠግነው ሰው ግን ሦስቱን ከፍቶ፣ አራተኛውንም ለመክፈት ሲሞክር ከሦስቱ አንዱን መልሶ ይዘጋል። የጎረቤት ጎረምሳ የሚጠራው በዚህን ጊዜ ነው። ጎረምሳው ከደጅ ሳይገባ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ነው፣ «አጥፍታችሁ አብሩት»፤ ይህም ለብዙ ምሁራን ውርደት ቢመስል አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሲጠፋና ሲበራ ኮምፒውተሩ የተምታታበትን ረስቶ ከሀ ይጀምራል።

መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ድምፅ የሚቆራረጥበትን ምክንያት ለመረዳት ድምፁ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ ንግግሩን ብዙውን ጊዜ ሃያ ሃያ ሚሊሰከንድ፣ ማለትም አንዷን ሰከንድ ሃምሳ ቦታ አድርጎ ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ እንደ ፖስታ ታሽጎ፣ አድራሻ ተጽፎበት ለብቻው ይሄዳል፤ ይህ ፖስታ ፓኬት ይባላል፣ ከቴሌ ከሚገዛው ፓኬጅ ጋር ግን መምታታት የለበትም፣ ፓኬጁ ካለቀ ፓኬቱ ጨርሶ እንደማይነሣ ግልጽ ቢሆንም። ፖስታዎቹ አንዱ በአቋራጭ፣ አንዱ በዙሪያ ሊደርሱ ስለሚችሉ ተቀባዩ ሶፍትዌር ለአፍታ አቆይቶ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል፤ እጅግ የዘገየውን አይጠብቀውም፣ በጠፋው ቦታ ላይ ካለፈው ድምፅ በመነሣት የራሱን ግምት ሞልቶ ያልፋል። ጥቂት ሲጠፋ ጆሮ አይነቃም። ብዙ ሲጠፋ ግን የእትዬ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይሆንና «እእእንደምምን» ብሎ ተጎትቶ ይቀራል፤ ያ መጎተት የእርሳቸው አይደለም፣ ማሽኑ ገምቶ የጨመረው ነው። ዘመድ እየመሰለው ጥቂት ሰከንድ ከሶፍትዌር ግምት ጋር ያወጋ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይሆንም።

በዚህ ሙያ ስሙ የገነነው ስካይፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ስዊድናዊው ኒክላስ ዜንስትሮምና ዴንማርካዊው ያኑስ ፍሪስ ያቋቋሙት፣ ፕሮግራሙን ግን አህቲ ሃይንላ፣ ፕሪት ካሴሳሉና ያን ታሊን የተባሉ የኢስቶኒያ ሰዎች የጻፉት ነበር። የአሠራሩ ምሥጢር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በአንድ ቃል ይገለጣል፤ ደቦ ነበር። ጥሪውን ሁሉ የሚያሳልፍ አንድ ትልቅ ማዕከል በማቆም ፈንታ የተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ይሸካከሙ ነበር፤ ጥሩ መስመርና አቅም ያለው ኮምፒውተርም ባለቤቱ ሳያውቅ፣ እድር ውስጥ ድንኳን እንዳለው ሰው፣ የብዙዎችን ሸክም ይይዝ ነበር። የደቦው ድክመት የታየው እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2007 ነው፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ እልፍ አእላፍ ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ ማሻሻያ ከተጫነባቸው በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠፍተው ሲበሩ፣ ሸክም ተሸካሚዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ምሳ እንደወጡ ያህል ሆነና አገልግሎቱ ለሁለት ቀን ያህል ተስተጓጎለ። «አጥፍታችሁ አብሩት» የሚለው ምክር ዓለም በሙሉ ባንድ ጊዜ ሲፈጽመው የሚያስከትለው ይህንን ነው። ማይክሮሶፍት ስካይፕን እ.ኤ.አ. በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ከገዛው በኋላ ደቦው ወደ ድርጅቱ የራሱ ማዕከላት ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025 ደግሞ ስካይፕ ራሱ ተዘጋ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀልነት ሲደነግግ፣ ስካይፕ ተከለከለ የሚል ወሬ በየኢንተርኔት ቤቱ ተናፍሶ ነበር፤ መንግሥትም ስካይፕን መጠቀም አልተከለከለም ሲል አስተባበለ። የዚያን ሰሞን «ይሰማል?» የሚለው ጥያቄ ለሦስተኛ ወገንም የቀረበ ሊመስል ይችል ነበር።

ከብልሽቶች ሁሉ ጠብ የሚያስነሣው የገደል ማሚቶ ነው። የገደል ማሚቶ፣ ማለትም ተናጋሪው የራሱን ድምፅ ከጥቂት ቆይታ በኋላ መልሶ የሚሰማበት ሁኔታ፣ የሚፈጠረው የአንዱ ድምፅ በሌላው ቤት ባለው ድምፅ ማጉያ ወጥቶ፣ በዚያው ቤት ማይክሮፎን ገብቶ፣ ወደመጣበት ሲመለስ ነው። ከዚህም የሚከተለው ለማንም ተዋጥቶ የማያውቅ እውነት ነው፤ የሚሰማው ሰው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ያለው ምንም ከማይሰማው ሰው ዘንድ ነው። ከሳሽ «ድምፄ ይመለስብኛል» ሲል፣ ተከሳሽ «ለእኔ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ፣ ያንተን ኮምፒውተር እየው» ብሎ ይመልሳል፣ ሁለቱም ያሉት እውነት ነው፤ መፍትሔው ተከሳሹ ማዳመጫ ማድረጉ ቢሆንም፣ ባልሰማው ጥፋት የሚቀጣ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ስካይፕ ለዚህ ዓይነቱ ሙግት ይሆን ዘንድ «ኤኮ» የምትባል የድምፅ መፈተኛ ነበረችው፤ ሲደወልላት የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ ተቀብሎ ከጢጥታው በኋላ መልእክት እንዲነገር ይጋብዝ፣ ከዚያም የተነገረውን መልሶ ያሰማ ነበር። አማርኛ ገደል ውስጥ የምትኖረውን መላሽ «ማሚቶ» ብሎ በሴት ስም መጥራቱን ለሚያስብ፣ ማሚቶ በመጨረሻ ሥራ ማግኘቷ ያስደስታል። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶችም እንደማንኛዋም ሴት ቆጥረው «እንደምን ዋልሽ እናቴ፣ ደህና ነሽ?» ይሏት ነበር፤ እርሷም በጨዋነት «እንደምን ዋልሽ እናቴ፣ ደህና ነሽ?» ብላ፣ ያውም በራሳቸው ድምፅ፣ ትመልስላቸው ነበር። ሰላምታው በወጉ የደረሰበት ብቸኛው ጥሪ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ይህ አባባል ቀልድ ብቻ አይደለም። የገደል ማሚቶን ለማጥፋት ሶፍትዌሩ በድምፅ ማጉያ የወጣውን እያስታወሰ በማይክሮፎን ከሚገባው ላይ ይቀንሰዋል፤ ሁለቱ ሰዎች እኩል በሚናገሩበት ጊዜ ግን የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት ይከብደዋል፣ ደከም ያለው ሶፍትዌርም አንዱን አፍ ዘግቶ ሌላውን ያሳልፋል። መሣሪያው የተሠራው ሰው ተራ በተራ ይናገራል በሚል እምነት ነው። የአማርኛ ሰላምታ ግን ተራ አያውቅም፤ «እንደምን ነሽ ደህና ነሽ» ሲባል ከወዲያ «ደህና ነህ ልጄ ሰላም ነህ» ይላል፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው» ከ«ጤናህን እንዴት ነህ» ጋር ይነባበራል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ጥያቄው ሳያልቅ ይደርሳል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ማንም ማንን አይጠብቅም፣ መጠበቅ ራሱ ቅዝቃዜ ይመስላልና። ይህን ጉባኤ የሚያዳምጠው ሶፍትዌር ከግራም ከቀኝም ያለማቋረጥ የሚፈስሰውን ድምፅ በስሕተት ይተረጉመውና የእናትን ምርቃት እንደ ገደል ማሚቶ ቆጥሮ ያጠፋዋል።

መዘግየቱ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመክረው ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ነው፤ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ በሚገኝ ሳተላይት በኩል የሚያልፍ ጥሪ ለመውጣትና ለመውረድ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሩብ ሰከንድ ሄዶ ሩብ ሰከንድ ሲመለስ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ ለመሐንዲስ ቁጥር ነው፤ በባዕድ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን መርዶ በስልክ እንደማይነገርና ሰው እንደሚደባበቅ ስለሚያውቅ፣ «አባባስ ደህና ነው?» ብሎ ጠይቆ ግማሽ ሰከንድ ዝም ሲባል ልቡ ቀጥ ይላል። «ለምን ዝም አልሽ? የደበቅሽኝ ነገር አለ» ይላል። በወዲያ ያለችውም የመጀመሪያውን ጥያቄ ስትመልስ ሁለተኛው ይደርሳትና ትደነግጣለች፣ ድንጋጤዋም ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ደርሶ ጥርጣሬውን ያጸናዋል። አባት ተጠርተው ካሜራ ፊት ካልተቀመጡ ነገሩ አይበርድም፤ እርሳቸውም ሲመጡ ምስሉ ባለበት ደርቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ ዓይናቸው ተከድኖ ይቀራሉ።

ምስል እያለ ድምፅ ሲጠፋ የሚደረገው ጥገና ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። መጀመሪያ ጆሮ በጣት ይጠቆማል፣ እጅም ይወዛወዛል። ቀጥሎ ከሁለቱ አንዱ በተራ ስልክ ወደ ሌላው ይደውላል፤ ገንዘብ ላለመክፈል የተጫነውን ሶፍትዌር ለመጠገን በሚከፈልበት ስልክ «ኮምፒውተሩ ላይ ይሰማል?» ይባላል፣ ያኔም ድንገት ኮምፒውተሩ ቢሠራ ስልኩና ድምፅ ማጉያው ተቀባብለው ቤቱን በፉጨት ይሞሉታል። ስልክ ከሌለ ወረቀት ይመጣል። «ድምፅ የለም» ተብሎ በትልልቁ ተጽፎ ካሜራ ፊት ይያዛል፤ ሶፍትዌሩ ለባለቤቱ የራሱን ምስል እንደ መስታወት ገልብጦ ስለሚያሳየው ጸሐፊው ፊደሉ ዞሮ ያየዋል፣ በወዲያ ያለው ግን ቀጥ አድርጎ እያነበበው መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን አዙሮ፣ «ድ»ን ፊቷን ወደ ግራ መልሶ፣ እንደ ማኅተም ቀራጭ እየተጨነቀ ገልብጦ ይጽፈዋል፤ አሁን ለራሱ ቀና፣ ለተመልካቹ ግን የማይነበብ ይሆናል። ይህን ያህል የተደከመለት ጽሑፍ የሚናገረው ድምፅ እንደሌለ ነው፤ እርሱንማ በወዲያ ያለው ያውቀዋል።

የቀጠሮም ነገር አለ። በጥርና በየካቲት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ ልዩነቱ ሰባት ይሆናል። በዚህ ላይ የአገር ቤቱ ሰዓት ከንጋት ስለሚቆጠር፣ ዋሽንግተን ያለው ልጅ በራሱ ሰዓት አስቦ «ቅዳሜ በአሥር ሰዓት እደውላለሁ» ሲል እናት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለካሜራው ብለው ጸጉራቸውን ተሠርተው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ፤ ጥሪው የሚመጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ያውም መብራት ሊሄድ ሲል ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥቁሩን ስክሪን ሲያዩ ለቆዩበት «ብልሽቱ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሶፍትዌሩ ለአንድ ጊዜ እንኳ ንጹሕ ነው።

ጥሪውን መዝጋት እንደ መክፈቱ አያስቸግርም የሚሉ አሉ፤ ቀዩን ምልክት መጫን ብቻ ነው። የአማርኛ ስንብት ግን በአንድ ቁልፍ አያልቅም፤ «በይ ደህና ሁኚ» ከተባለ በኋላ ሰላምታ የሚደርሳቸው ሰዎች ይቆጠራሉ፣ ከዚያ ዋናው ጉዳይ ይነሣል፣ ከዚያም እንደገና ደህና ሁኚ ይባላል፤ በመጨረሻም እናት እጃቸውን አውለብልበው፣ ስንብቱ እንዳበቃ ሁሉ ኮምፒውተሩም ያበቃ መስሏቸው ቀዩን ሳይጫኑ ተነሥተው ይሄዳሉ። ልጁ ስክሪኑ ላይ የባዶ ወንበር መደገፊያና የመጋረጃ ጫፍ ይታየዋል። ማይክሮፎኑ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያስለምን የቆየው፣ አሁን ከማንም ጋር የሚሻማው ድምፅ ስለሌለ ጥርት ብሎ ይሠራል፤ የሙቀጫው ድምፅ ይሰማል፣ ጎረቤት ስትገባም ይሰማል፣ «ምነው ልጅሽ፣ ደህና ነው?» ስትል ይሰማል፣ እናትም «ደህና ነኝ ይላል፤ ከስቷል ግን፣ የሚበላም ያለ አይመስለኝም» ብለው ሲመልሱ ቃል በቃል ይሰማል። ልጁ «እማዬ፣ ይሰማል! በደንብ ይሰማል!» ብሎ ይጮኻል፤ ድምፁ ግን ድምፅ ማጉያ ወደሌለው ስክሪን ይሄዳል።